ሦስት የግዢ ኃላፊ ቀየርን፤ መጋዘኑ ግን ያው ነው

ሮቶ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም ሰላም ለናንተ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

የምሠራው እዚሁ ድሬ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ስሙ ይቆይ። ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ባልዲ፣ በርሜል እናመርታለን። እኔ ያለሁት ዕቅድና ክትትል ነው። ባለፉት አራት ዓመታት ሦስት የግዢ ኃላፊዎች ተቀያይረዋል። ሦስቱም የተነሡት «ጥሬ ዕቃ በወቅቱ አላቀረበም» ተብለው ነው። ሦስቱም ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ «መጋዘኑን ያለ ልክ አጨናንቆ ገንዘብ አሰረ» ተብለው ተወቅሰዋል። አንድን ሰው በጥጋብም በረሃብም ከሰስነው ማለት ነው።

የሦስተኛውን የግምገማ ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የዕቅድ አፈጻጸም ጉድለት» የሚለው ቃል የኔ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከፊራ ገበያ ተገጣጠምን። ሰላም አለኝ፣ የእናቴን ጤና ጠየቀኝ፣ የያዝኩትን ዘንቢል እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸከመልኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሰኞ ቢሮ ስገባ የአራት ዓመቱን ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያውን) ከመጋዘን አስወጣሁና የየወሩን መጨረሻ ቀሪ በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አሰፈርኩት። መስመሩ የደንገጎን መንገድ ይመስላል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል። ከዚያ የኃላፊዎቹን ስም ሸፍኜ አብራኝ ለምትሠራ ልጅ አሳየኋት። አንዱ የት ጋ አብቅቶ ሌላው የት ጋ እንደጀመረ መለየት አልቻለችም። እኔም ስሙን ባላውቀው ኖሮ አልለይም ነበር።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ጥሬ ዕቃው ከውጭ ይመጣል። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ አለ፣ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ይከፈታል፣ መርከብ አለ፣ ጂቡቲ አለ፣ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስፈጽም ትራንዚተር አለ፣ ጉምሩክ አለ። ከታዘዘበት ቀን እስከ መጋዘን በር አንዳንዴ ሦስት ወር፣ አንዳንዴ ሰባት ወር ይፈጃል። መጋዘኑ ሲሳሳ ሁሉም ይጮኻል፤ ግዢ ያዝዛል። ዕቃው አይደርስም። እንደገና ይጮኻል፤ እንደገና ያዝዛል። ከዚያ ሁለትና ሦስት ትእዛዝ በአንድ ሰሞን ይገባና ግቢው በኮንቴይነር ይሞላል፣ ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ ሲቆይ የሚከፈለው ቅጣት) ይቆጠራል፣ ካዝናው ይራቆታል፣ ሥራ አስኪያጁም «ለሦስት ወር ምንም እንዳትገዙ» ይላሉ። ከአምስት ወር በኋላ ማሽኑን የሚያቆመው ያ የሦስት ወር ዝምታ ነው። ያን ጊዜ ግን ማንም ወደ ኋላ አያይም፤ የሚታየው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

ቤታችንም ይኸው ነው የሚሆነው። ሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው። የመጣ ዕለት እናቴ ሮቶውን፣ በርሜሉን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ሳይቀር ትሞላለች። ፈረቃው ከዘገየ ሌላ በርሜል ትገዛለች። ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል። ሁሉም ባንድ ሰዓት ስለሚከፍት ግፊቱ ይወድቃል፤ መስመሩ ጫፍ ያለው ቤት ጠብታ ሳያገኝ ፈረቃው ያልፋል፣ በሚቀጥለውም ከሁሉ በላይ የሚያጠራቅም እሱ ይሆናል። እናቴ ስስታም አይደለችም፤ ጎረቤቶቻችንም አይደሉም።

ድርጅትን እንደ አንድ የተያያዘ ሥርዓት እያዩ የሚመሩ ሰዎች እንዳሉ አነበብኩ። ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» ሲሉን የምንሰማውን ማለቴ አይደለም፤ የክፍሎች መተሳሰርን ነው። በሥራ ላይ ያዋላችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። አለቆቼን በምን ላሳምናቸው?

ለገሃሬ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:02

እህቴ፣ ልብሽ ደግ ነው። እኔ ግን 18 ዓመት በሒሳብ ምርመራ ሠርቻለሁ፣ «ችግሩ የአሠራር ነው» የሚለው ቃል ስንት ሰው እንዳስመለጠ በዓይኔ አይቻለሁ። ኮሚሽን የበላ ገዢ ሲያዝ የመጀመሪያ መልሱ ይኸው ነው። የሁሉም ጥፋት ከሆነ የማንም ጥፋት አይሆንም። ሰው ስሙ ካልተጠራ ነገ ማን ይጠነቀቃል? ሦስት ሰው በተከታታይ ደካማ መሆንም ይችላል፤ ቅጥሩን ማን እንደሚቀጥር ተመልከቺ።

ሀዲድ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:40

ልጄ ሮቶ፣ ጽሑፍሽን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፤ መልሱንም የምትጽፈው እሷ ናት።

እኔ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። የድሮው መስመር ከጂቡቲ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሀዲዱ አንድ ብቻ ነበር። ባቡርና ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። ከታች የሚመጣው አይሻ ላይ አርባ ደቂቃ ቢቆም፣ ከዚህ የሚወርደው እሱን ሊያሳልፍ አንድ ጣቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሱን የሚጠብቀው ደግሞ ሌላ ጣቢያ ላይ ይቆማል። ማታ ድሬ ላይ የሚዘገየው ባቡር ጧት አይሻ ላይ የዘገየውን በስሙም አያውቀውም።

አዲስ የጣቢያ ሹም ሲመጣ ሁልጊዜ የሚሠራት ስሕተት ነበረች። የራሱን ጣቢያ ባቡር ቶሎ መሸኘት ይፈልጋል፤ ታታሪነቱን ለማሳየት። ያን ጊዜ ሁለት ባቡር መተላለፊያ በሌለበት ፊት ለፊት ሊገጥም ነው። ስለዚህ በስልክ መስመሩን በሙሉ የሚከታተለው ሰው «ያዘው» ሲለው መያዝ ነበረበት፣ የሱ ባቡር ዝግጁ ሆኖ እንኳ። ያንተ ጣቢያ ቆሞ መስመሩ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ይህን ለወጣት ሹም ማስረዳት ከባድ ነበር፤ እንደ ስንፍና ያየዋልና።

ይቺ ከተማ ራሷ የተወለደችው እንዲህ ባለ ውሳኔ ነው። ሀዲዱ መጀመሪያ ሐረር ሊገባ ነበር። ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ከግርጌው ቀረ፤ በ1902 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እዚህ ደረሰ። መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ነበር የምትባለው። አንድ ሀዲድ ቁልቁል በመቅረቱ የሐረር ንግድ አብሮት ወረደ።

መጋላዋ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:58

አቦ! አባባ ሀዲድ ዕድሜ ይስጥልን። ይቀጥሉልን እስቲ።

ጠመኔ — ዓርብ፣ ከጧቱ 1:20

አስተማሪ ነኝ። ድርጅትን እንደ ሥርዓት ስለሚያየው ንድፈ ሐሳብ ጥቂት ልበል፤ ከዚያ ወደ ለገሃሬ እመለሳለሁ፣ ጥያቄው ዋና ጥያቄ ነውና።

ሐሳቡን ጠቅለል ባለ መልኩ ያነሣው ሉድቪግ ፎን ቤርታላንፊ የተባለ የኦስትሪያ ሥነ ሕይወት ሊቅ ነው (1901–1972፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሕይወት ያለው ነገር ክፍት ሥርዓት ነው አለ፤ ከአካባቢው ያስገባል፣ ይለውጣል፣ ያስወጣል፣ በዚህ ልውውጥም ጸንቶ ይኖራል። ነጣጥለህ ስታየው የማይገኝ ጠባይ አብረው ሲሠሩ ይወጣል። ከሱ በኋላ የመጡት ይህን ወደ ድርጅት አመጡት።

ሮቶን የሚመለከታት ግን ሌላ ሰው ነው፤ ጄይ ፎረስተር። ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ማኅደረ ትውስታ ላይ ሠርቶ በኋላ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወደ ሥራ አመራር ትምህርት ዞረ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰዎች አንድ ችግር አጫወቱት። ኬንታኪ ያለው የቤት ዕቃ ፋብሪካቸው አንድ ሰሞን በሦስትና በአራት ፈረቃ ይሠራል፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግማሽ ሠራተኛውን ያሰናብታል። ሁሉም ምክንያቱን በገበያው መውጣትና መውረድ ያሳብቡ ነበር። ፎረስተር እርሳስና ደብተር ይዞ ቁጭ አለ። ስንት ዕቃ መጋዘን እንዳለ፣ ስንት ትእዛዝ እንደገባ፣ በዚህ ላይ ተመሥርተው ስንት ሰው እንደሚቀጥሩ ሳምንት በሳምንት አሰላ። የገበያውን ፍላጎት ቀጥ አድርጎ ቢይዘውም ቅጥሩ ይዋዥቅ ነበር። ማዕበሉን የሚያስነሡት የራሳቸው የቅጥርና የክምችት ደንቦች ነበሩ። ሥራውን በ1961 አሳተመው። የሮቶ ካሬ ወረቀትና የሱ ደብተር አንድ ናቸው።

ለገሃሬ፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ኤድዋርድስ ዴሚንግ የሚባል አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሰው ከ1950 ጀምሮ ጃፓኖችን ያስተማረው ይህንኑ ልዩነት ነው። ከችግሩ 94 በመቶው የሥርዓቱ ነው ይል ነበር፤ በሥራ ዘመኑ ካየው የገመተው ነው። ሰው አይጠየቅ ግን አላለም። በምን እንደምንለይ ነው ያስተማረው። ከወትሮው ውጣ ውረድ ወሰን ወጥታ የምትታይ አንዲት ነጥብ ካለች ሰው ወይም ልዩ ምክንያት ይፈለጋል። ሦስት ሰው ተቀያይሮ መስመሩ በዚያው ልክ ከተወዛወዘ ግን ጥያቄው ወደ መስመሩ መሄድ አለበት። ኮሚሽን የበላው ሰውም የሚያዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ የአንድ ግዢ ዋጋ ከሌሎቹ ወሰን ወጥቶ ይታያልና።

ዴሚንግ ስብሰባ ላይ የሚያሳየው ነገር ነበር። ሣጥን ውስጥ ነጭና ቀይ ዶቃ አለ፤ ከአምስቱ አንዱ ቀይ ነው። ተሳታፊዎች በዓይናቸው ሳይመርጡ ባለ 50 ቀዳዳ ማንሻ ነክረው ያወጣሉ። ቀይ የበዛበትን ይገሥጻል፣ ያነሰለትን ይሸልማል፣ «ሰነፎቹን» ያሰናብታል። በሚቀጥለው ዙር የተሸለመው ይወድቃል። ዶቃው ግን ከሣጥኑ ውስጥ የመጣ ነበር።

ለገሃሬ — ዓርብ፣ ከጧቱ 2:05

መምህር፣ የዶቃው ነገር ገብቶኛል። ግን ፋብሪካ ዶቃ አይደለም። ሰው ያስባል፣ ይጠቀማል፣ ይደብቃል።

ጠመኔ — ዓርብ፣ ከጧቱ 2:31

ትክክል ነዎት፤ ይህ የንድፈ ሐሳቡ ደካማ ጎን ነው፣ እኔም ሳስተምር አልሸፍነውም። ጉበት የራሱ ጥቅም የለውም፤ ሰውነቱ ቢሞት እሱም ይሞታል። የሽያጭ ክፍል ኃላፊ ግን ፋብሪካው እየከሰረ ቦነስ ሊወስድ ይችላል። ድርጅትን እንደ አንድ ገላ የሚያይ ሰው ጥቅም የሚጋጭባቸውን ሰዎች አያያቸውም። ስለዚህ ሮቶን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በፋብሪካችሁ ማበረታቻ የሚከፈለው በምንድን ነው?

ሮቶ — ዓርብ፣ ከቀኑ 7:10

መምህር፣ እጅዎን ቁስሉ ላይ አሳረፉት።

ለማምረቻው ክፍል ማበረታቻ የሚከፈለው በኪሎ ነው። በወር ስንት ኪሎ አወጣችሁ ነው ጥያቄው። ከባድ ዕቃ በአንድ ምት ብዙ ኪሎ ያወጣል። ስለዚህ ልጆቹ ትልቁን ሳፋና በርሜል ይመርጣሉ። ሞልድ (የዕቃውን ቅርጽ የሚያወጣውን) መቀየር ሰዓት ይበላል፣ ሰዓቱም ከኪሎው ይቀነሳል፤ ማንም መቀየር አይፈልግም። ጥሬ ዕቃ ሲገባ እንኳ የሚሄደው ደንበኛ ወዳልጠየቀው ዕቃ ነው። ሽያጭ ደግሞ ማበረታቻ የሚያገኘው በተፈረመ ትእዛዝ ነው፤ ይደርሳል አይደርስም አይጠየቅም። ግዢ የሚመሰገነው በርካሽ ሲገዛ ነው፤ ርካሽ የሚሆነው በብዛት ሲያዝ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ባቡር ቶሎ እየሸኘ ነው፣ አባባ ሀዲድ እንዳሉት። ይህን ሁሉ ዓመት ሠንጠረዡን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሁሉም ክፍል አረንጓዴ ነበር።

ጁገል — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:45

ከሐረር ሰላም። እኔ ስለ ፋብሪካ አላውቅም፤ ስለ ሐረማያ ግን አውቃለሁ።

ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው የሐረማያን ሐይቅ ነው። ልጅ ሆነን በአውቶቡስ ስናልፍ መስኮቱ በኩል እናየው ነበር። ከተማው ሳበ፣ በዙሪያው ያለው ገበሬ ለጫቱና ለአትክልቱ በፓምፕ ሳበ፣ ከተራቆተው ኮረብታ ደለል ገባ። አንዱ ገበሬ የሚስበው ለሐይቁ ምንም አይደለም። አንድም ሌባ አልነበረበትም፤ ሁሉም ልጆቹን ሊያሳድግ ነው የሳበው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግድም ደርቆ ከብት ተሰማራበት። ከዚያ ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በቧንቧ ሽቅብ መጣልን። ጀሪካን ይዘን የተሰለፍንባቸውን ዓመታት ማን ይረሳል?

ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ተመልሷል፤ ሄጄ አይቼው አልቅሻለሁ። ለገሃሬ ወንድሜ፣ ለዚያ ድርቀት ማንን ትከሳለህ?

ለገሃሬ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:20

ይህ ጥያቄ ከብዶኛል። አስቤበት እመለሳለሁ።

ደቻቱ ማዶ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:52

ጁገል ያለውን እኛ በጎርፍ አይተነዋል። በ1998 ክረምት በዚያች ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የሞተብን ድሬ ላይ በጣለ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ውኃው ከደንገጎ ተራሮች ነው የወረደው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። አደጋው የሚጀምረው ከምናይበት ቦታ ውጭ ነው። የድርጅት ኃላፊዎች ከግቢያቸው አጥር ውጭ ያለውን «የኛ አይደለም» ሲሉ ስሰማ ያ ሌሊት ይመጣብኛል።

የሳቢያን ነርስ — ቅዳሜ፣ ከጧቱ 4:30

ከሌሊት ተረኛነት ገና መውጣቴ ነው፤ ግን ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

ቀድሞ የሠራሁበት ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ኃላፊዎቹ ኮምፒዩተር አስገቡ፣ ሰው ጨመሩ፣ ሰልፉ ጠፋ፤ ተጨበጨበ። ሰልፉ ግን ወደ ላቦራቶሪ በር ነበር የሄደው። ላቦራቶሪው ቀድሞም የቀኑን ሙሉ አቅሙን ጨርሶ ነበር የሚሠራው። ካርድ ክፍሉ ቢፈጥንም በሽተኛው የቀድሞውን ያህል ቆየ፤ ልዩነቱ ቀድሞ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ይጠብቅ የነበረው አሁን ኮሪደር ላይ ቆሞ መጠበቁ ነው። ማነቆው ሳይነካ ሌላው ሁሉ ቢፈጥን ሰልፉ ቦታ ይቀይራል እንጂ አያጥርም። በኋላ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናሙና የሚቀበል ሰው ለብቻ ይሁን አለች፤ እነሱ መርፌና ምዝገባ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ለማይክሮስኮፕ ተረፈ። ያለ ምንም ግዢ ነው ሰልፉ ያጠረው።

ሌላውን ልንገራችሁ። በ2011 ማብቂያ ቺኩንጉንያ ድሬ ሲገባ ታስታውሳላችሁ። ሰው መገጣጠሚያውን ይዞት ተሸክመው ያመጡት ነበር። ከሠራተኞቻችንም ብዙዎች ተኙ፤ በሽተኛ ሲበዛ አስታማሚ አነሰ። ይህን በሽታም ደንጌንም የምታስተላልፈው ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ላይ ነው የምትራባው። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ማውጣት 10 ቀን ገደማ ይበቃታል። እንቁላሉ የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፣ መፋቅ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የሚሻለው መክደን ነው።

እህቴ ሮቶ፣ የእናትሽን በርሜል ስታነሺ ልቤ ደነገጠ። ውኃው በፈረቃ ስለሆነ ሰው ያጠራቅማል፤ ስለሚያጠራቅም ትንኟ ትራባለች፤ ስለታመመ ሥራ ይቀራል። የናንተ ፋብሪካ ያን ሰሞን ስንት ሰው ቀረበት? እኛ ቤት ለቤት ስናስተምር ደግሞ እናቶች ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉን ነበር፦ «በርሜሉ ያለ ክዳን ነው የሚሸጠው፤ በምን ልክደነው?» ጨርቅ ያስሩበታል፣ ጨርቁ ይረግባል። ለምንድን ነው በርሜል ያለ ክዳን የሚሸጠው?

ሮቶ — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6:15

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል መልስ መጻፍ አልቻልኩም።

የክዳኑ ሞልድ አለን፤ መጋዘን ጥግ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ክዳን ቀላል ነው። ኪሎ አያወጣም። ሞልዱን ለመቀየር ግማሽ ፈረቃ ይጠፋል፤ የሚገኘው ኪሎ ከበርሜሉ ጋር አይወዳደርም። ማንም «ክዳን አታምርቱ» ብሎ አላዘዘም፤ ሠንጠረዡ ነው ያስቀረው። የ2011ን የሰዓት ፊርማ መዝገብም አወጣሁ፤ በነሐሴ ማሽን የቆመባቸው ቀናት አሉ፤ ምክንያቱ በኔ እጅ ጽሑፍ «የሠራተኛ መቅረት» ተብሎ ተሞልቷል። የጥሬ ዕቃ እጥረት አልነበረም።

ለገሃሬ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:10

ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ከክዳኑ ብዙ አንጠብቅ፤ ትንኟ አሮጌ ጎማም፣ የተጣለ ጣሳም አላት። አንድ ፋብሪካ ክዳን ስላልሠራ ወረርሽኝ መጣ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ለጁገል መልሴ። ለሐረማያ ማንንም አልከስም። ልክስ የምችለው ስንት ውኃ እንደሚገባና እንደሚወጣ እያወቀ ያልተናገረ ካለ እሱን ነው። ስለዚህ ሮቶ፣ ሥርዓቱን ስትቀይሪ የምትሠሪው ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱ ግዢ የነጠላ ዋጋ ይኑር። መስመሩ የአሠራር ይሁን፤ ዋጋው ግን ሰው አለው።

ጠመኔ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:00

ከዚህ የተሻለ አልጨምርም። አለቆችን ስለ ማሳመን ግን፦ ንግግር አያሳምናቸውም። ፎረስተር ከነበረበት ኤምአይቲ የወጣ አንድ ጨዋታ አለ፣ «የቢራ ጨዋታ» ይባላል። አራት ወንበር፦ ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይ፣ ፋብሪካ። ትእዛዝ ሽቅብ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል፣ ዕቃው ቁልቁል ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ መነጋገር ክልክል ነው። ደንበኛ በሳምንት 4 ሣጥን ይጠይቃል። አምስተኛው ሳምንት ላይ 8 ይሆናል፣ እስከ መጨረሻም በ8 ይቆያል። የሚሆነው ይኸው ብቻ ነው። መጋዘን ውስጥ ላደረ ሣጥን ግማሽ ብር፣ ላልደረሰ ትእዛዝ አንድ ብር በሳምንት ይቆጠራል። አለቆችዎን ያጫውቷቸው። ማንንም አይዝለፉ፤ ወረቀቱ ላይ ትእዛዛቸውን ብቻ ይጻፉ።

ሮቶ — ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 3:30

ተጫወትን። ከኛ መሃል ቢራ የማይወዱ ስላሉ በለስላሳ ሣጥን ተካነው፤ በቆርኪ ቆጠርን። ሥራ አስኪያጁ ቸርቻሪ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ ጅምላ፣ የመጋዘን ኃላፊው አከፋፋይ፣ የሽያጭ ኃላፊው ፋብሪካ ሆነው ተቀመጡ። የሽያጭ ኃላፊው በግዢ ላይ ከሁሉ አብዝቶ የሚጮኸው ሰው ነው። በ14ኛው ሳምንት እሱ ያመርት የነበረው 36 ሣጥን ነው፤ ደንበኛው የሚፈልገው 8 ሆኖ ሳለ። በ22ኛው ሳምንት ጠረጴዛው በቆርኪ ተሞልቶ ሁሉም ዜሮ ያዝዝ ነበር።

ሲያልቅ «ደንበኛው ምን ያህል የተቀያየረ ይመስላችኋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁሉም ማዕበል ሣሉ። ትክክለኛውን ገለጥኩላቸው፦ ከ4 ወደ 8፣ ከዚያ ቀጥ ያለ መስመር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ የራሳችንን የአራት ዓመት ካሬ ወረቀት ጎን አስቀመጥኩት። ሥራ አስኪያጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና የሦስተኛውን ሰው ስም ጠሩ፤ ሌላ ምንም አልተናገሩም።

መጋላዋ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3:41

ወላሂ አንብቤ ሰውነቴ ወረረኝ። ሰውዬውስ?

ሮቶ — ከዚያ አምስት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:25

የቀረውን ልጻፍ፤ ለመጋላዋም መልስ ይሆናል።

ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ሰቅለናል። መጀመሪያ ሁለት ዓምድ ነበረው፦ በእጅ ያለና በመንገድ ያለ። አሁን የምናዝዘው በድምሩ ነው እንጂ መጋዘን ውስጥ በሚታየው ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ፈተና የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። መጋዘኑ ሳሳ፣ ጩኸቱ ተነሣ። ሰሌዳው ጂቡቲ የደረሱ ሁለት ኮንቴይነሮች አሉ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ብዕር አንሥተው ሊያዝዙ ነበር፤ ተዉት። አንድ ማሽን አራት ቀን ቆመ። እነዚያ አራት ቀናት ለኔ አራት ዓመት ነበሩ። ከዚያ ዕቃው ገባ፤ በላዩ ላይ ሌላ ትእዛዝ አልተደረበም።

ተሳካ ለማለት ገና ነው። ሰባት ወር የሚፈጅ ትእዛዝ ባለበት ሁለት ወር ምንም አያሳይም። ማበረታቻውንም ባለቤቱ ሙሉ በሙሉ ለመቀየር አልፈቀዱም፤ በአንድ ፈረቃ ብቻ፣ በኪሎ መሆኑ ቀርቶ በተሟላ የደንበኛ ትእዛዝ እንዲሆን ተስማሙ። የዚያ ፈረቃ ልጆች መጀመሪያ አኩርፈው ነበር። አሁን ሞልድ መቀየሪያውን ሰዓት ራሳቸው እየለኩ ማሳጠር ጀምረዋል። ለገሃሬ፣ የነጠላ ዋጋ ዓምዱ አለ፤ በቀይ እስክሪብቶ ነው የሚጻፈው።

ሰውዬውን ቤቱ ድረስ ሄጄ አነጋገርኩት። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ያውቅ ነበር። «ያኔም አውቃለሁ» አለኝና ሻይ አስፈላልኝ። አሁን ከአንድ ትራንዚተር ጋር ይሠራል፤ ተመለስ ብለው ቢጠሩትም አልፈለገም፣ አልፈርድበትም። በሥራ አስኪያጁ ፊርማ የቀድሞውን ግምገማ የሚያርም ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፤ ቅጂውን በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ስለ ሰሌዳው ስነግረው «በመንገድ ያለውን ለሁለት ክፈይው» አለኝ። ኤልሲ ተከፍቶለት የሚመጣውና ባንክ ወረፋ ላይ ያለው አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው በቀን ይቆጠራል፣ ሁለተኛው አይቆጠርም፤ እሱ በሥራ ላይ ሳለ ያምታታው የነበረው ይኸው ነው። ሦስተኛው ዓምድ ስለዚህ የሱ ነው።

ሀዲድ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50

ልጄ፣ ያ ሰው ባቡር አስተላላፊ ነበር የሚወጣው። ክዳኑስ?

ሮቶ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:05

አባባ፣ ሞልዱ ትናንት ተገጠመ፤ ያኛው ፈረቃ ነው የጠየቀው፣ በርሜል ያዘዘ የጅግጅጋ ነጋዴ ከነክዳኑ ፈልጎ ስለነበር። ጧት 300 ክዳን ወጣ። የመጀመሪያው ሃያ ጠርዙ ስላልገጠመ ተመልሶ ተፈጭቷል።

የሳቢያን ነርስ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:18

አሮጌው በርሜል ላይ ይገጥማል? ሰፈራችን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ የድሮዎቹ ናቸው። ቅዳሜ ቤት ለቤት እንወጣለን፤ ሃምሳ ቢኖር ይዘን እንሄድ ነበር።

ሮቶ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:26

በእናቴ በርሜል ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ይገጥማል። ዓርብ ከቀትር በኋላ በር ላይ ይጠብቁሽ፤ ለዘበኛው ስምሽን አስመዘግባለሁ።